ከአልጋው ቀጥሎ ስለ ወንበሩም እንነጋገር

ስለ ሆስፒታሎቻችን ሲወራ የማይነሳ ጉዳይ የለም። አልጋ የለም ይባላል፤ መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ይባላል፤ የምርመራ መሣሪያው ተበላሽቷል ይባላል፤ ቀጠሮው ከስድስት ወር በኋላ ነው ይባላል። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ሊነገር ይገባዋል። ስለ ወንበር አቤት ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ወንበር ነው። በትክክል ለመናገር፣ አንድ ሕመምተኛ ከአልጋው ተነስቶ ከሌላ ሰው ጋር የሚቀመጥበት ቦታ በሆስፒታል ውስጥ ስለ መኖር አለመኖሩ፣ ይህም ቦታ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን እንዴት ሆኖ መሠራት እንዳለበት ነው።

«ስንት ችግር እያለ ወንበር!» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። እኛ «ጃጁ» ወይም «እርጅና ነው» ብለን የምናልፈውን ነገር ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል። በአማርኛ «የመርሳት ሕመም» የሚለው ስም እየተለመደ መጥቷል፤ ስሙ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው። ሕመምተኛው ከመርሳቱ ሌላ አቅጣጫ ይጠፋበታል፤ ቀኑና ሌሊቱ ይምታታበታል፤ ቃል ያጥረዋል፤ ዓይኑ ያየውን ነገር አእምሮው በትክክል መተርጎም ያቅተዋል። ከዓይነቶቹ ዋነኛው አልዛይመር ሲሆን ከሕሙማኑ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆኑት ምክንያቱ እሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ ብንተወው ጥሩ ነው።

በቤቱ ያለ አረጋዊ ብዙውን ነገር የሚሠራው በእግሩና በእጁ ልማድ ነው። ሌሊት ሲነሳ መብራት ሳያበራ ሽንት ቤት ይደርሳል። ጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ያውቃልና ሰዓት አይጠይቅም። ቡና ሲቆላ ሲሸተው ቀኑ የት ላይ እንደደረሰ ይገባዋል። ስለዚህ ልጆቹ «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ይረሳሉ እንጂ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቤቱ ራሱ ግማሹን እያስታወሰላቸው ነው።

ይህ ሰው ወድቆ ዳሌው ቢሰበር ወይም የሳንባ ምች ቢይዘው ሆስፒታል ይገባል። ሆስፒታል ደግሞ የተሠራው ማንበብ፣ መጠየቅና የተነገረውን ማስታወስ ለሚችል ሰው ነው። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ መጋረጃው አንድ ዓይነት፣ ጋውኑ አንድ ዓይነት ነው። መብራቱ ሌሊትም ይበራል። በዚህ ላይ ሕመሙ፣ የመድኃኒቱ ኃይል፣ የውኃ ማነስና እንቅልፍ ማጣት ሲጨመሩበት ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ መወናበድ ይከተላል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ፣ ቀን ጋብ ብሎ ማታ ማታ የሚብስ ነገር ነው። ማንኛውንም አረጋዊ ሊይዝ ቢችልም፣ አስቀድሞ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል። ቤተሰቡ «ደህና ገብተው እዚያው ነው የባሰባቸው» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለዚህ ነው።

ነገሩን በዓይኔ ያሳዩኝ አጎቴ ናቸው። የዕድሜ ልክ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ የአዲስ አበባን ሰፈሮች ከነአቋራጫቸው በቃላቸው የሚወጡ ሰው። ሰማንያ ካለፋቸው በኋላ ወድቀው በአንድ የከተማችን ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኙ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ሐኪሞቹ ዳሌያቸውን በሚገባ ጠግነዋል፣ ነርሶቹም ቅን ነበሩ። ሕንጻው ግን አልራራላቸውም። ኮሪደሩ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ነው። ተደግፈው ሲራመዱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፍ ያደርጉና «ወንዙ ሞልቷል፣ እንመለስ» ይላሉ። የሚያብለጨልጨው ወለል ውኃ ሆኖ ነው የታያቸው። ሽንት ቤቱ ከክፍላቸው ሦስተኛው በር ነው፤ በሩ ግን ከሌሎቹ በሮች በምንም አይለይም፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ፊደል ከመቃኑ በላይ ተሰቅሏል። ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሽማግሌ ከመቃን በላይ ያለ ጽሑፍ እንዴት ያያል? ሁለት ጊዜ የመድኃኒት ክፍል ገቡ፣ አንድ ጊዜ የሌላ ሕመምተኛ ክፍል። በአራተኛው ቀን ዳይፐር ታዘዘላቸው።

ጠያቂ ሲመጣ ወይ ይቆማል ወይ አልጋው ላይ ይቀመጣል። በፎቁ ላይ «የሕሙማን ማረፊያ» የሚል ክፍል ነበር፤ አንድ ቀን ገርበብ ብሎ አየሁት። የተሰባበሩ አልጋዎችና ካርቶን ሞልቶበታል። አጎቴ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ከአልጋቸው ሌላ የተቀመጡበት ነገር ቢኖር ተሽከርካሪው ወንበር ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ራጅ ክፍል ሲወሰዱ። የተሰበረው ተጠግኖ ወጡ። ብቻቸውን ወደ ሽንት ቤት መሄድ ግን ከዚያ በኋላ አልተመለሰላቸውም።

እንግሊዞች ምን አደረጉ?

ይህ የእኛ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ በድህነታችን ባመካኘሁት ነበር። የእንግሊዝ የአልዛይመር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ በማንኛውም ጊዜ ከሆስፒታል አልጋዎች እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሰው ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆነና የመርሳት ሕመም ባለባቸው ሰዎች እንደሚያዝ ገለጸ። አብዛኞቹ የገቡት ለመርሳት ሕመም አልነበረም፤ ለስብራት፣ ለኢንፌክሽን፣ ለልብ ነው። ሆኖም ከሌላው ሰው ይበልጥ ረጅም ጊዜ ይተኛሉ፣ ሲወጡም ከገቡበት ሁኔታ ብሰው ይወጣሉ።

ኪንግስ ፈንድ የሚባለው የለንደን የጤና ጉዳዮች ተቋም በዚያን ጊዜ አካባቢ ከመንግሥት በተገኘ ገንዘብ የሆስፒታል ክፍሎችን ለመርሳት ሕሙማን እንዲመቹ አድርጎ የማደስ ሥራ ጀመረ። ከሥራው ልምድ በኋላ ማንኛውም የሆስፒታል ክፍል ራሱን የሚፈትሽበት መጠይቅ አዘጋጀ። ስለ ምግብና መጠጥ፣ ስለ መራመድ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ አቅጣጫን ስለ ማወቅ፣ ስለ ጸጥታና ደኅንነት የሚጠይቅ ሰባት ክፍል ያለው ሰነድ ነው። ከሰባቱ የመጀመሪያው ትኩረቴን ሳበው፤ ቦታው ሕሙማን፣ ቤተሰቦቻቸውና ሠራተኞች እርስ በርሳቸው እንዲገናኙ ይጋብዛል ወይ ይላል። ከመጸዳጃውም ከመብራቱም በፊት የተጠየቀው ሰው ከሰው መገናኘቱ ነው። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የሆስፒታል ክፍሎችንና የአረጋውያን መኖሪያዎችን ለዚሁ ዓላማ ለማሻሻል 50 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ በ2015 ደግሞ የጤና ሕንጻ ለሚነድፉ አርክቴክቶች ስለ መርሳት ሕመም ብቻ የተጻፈ መመሪያ አወጣ።

የሚያነብ ሰው ስለ ሆላንዱ ሆግዌይክም ሰምቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአምስተርዳም አቅራቢያ በቬስፕ የተከፈተ፣ ሱቅ፣ ካፌና ቲያትር ቤት ያለው የመርሳት ሕሙማን መንደር ነው። ድንቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን መኖሪያ መንደር እንጂ ሆስፒታል አይደለም፣ ዋጋውም የእኛ ዋጋ አይደለም። እኔ የማወራው ካርቶን ስለ ሞላበት ስለዚያ ክፍል ነው።

ክፍሉ ምን ቢመስል ይሻላል?

መጀመሪያ የት ይሁን? የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው የማያየውን ነገር መኖሩን አያስታውስም። ስለዚህ በኮሪደር ጫፍ የተደበቀ ማረፊያ ለእሱ የሌለ ክፍል ነው። ክፍሉ ከመኝታው ሲወጣ ወዲያው የሚታይ፣ ውስጡም በበሩ ወይም በመስተዋቱ በኩል የሚታይ ቢሆን፣ ነርሷም ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ማን እንዳለበት ብታይ ጥሩ ነው። ሽንት ቤቱም ከዚያው ወንበር ላይ ሆኖ የሚታይ መሆን አለበት። ሽማግሌ ከሰው ጋር ለመቀመጥ ፈርቶ አልጋው ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሽንት ቤቱን እንዳያጣው ስለሚሰጋ ነው፤ ይህን ደግሞ አፍ አውጥቶ አይናገርም።

ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። ለስድስት ወይም ለስምንት ሰው የሚበቃ ክፍል ይመረጣል፤ ሰው ሲበዛ ጫጫታው ይበዛል፣ ፊቶቹም ይምታታሉ። ወንበር ስንደረድር ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለን፤ ግድግዳውን ተከትለን ዙሪያውን እንሰድረዋለን። የቀበሌ ወረፋ ይመስላል። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ማዶ ያለውን ግድግዳ ያያል እንጂ ጎረቤቱን አያናግርም። ሦስት አራት ወንበር በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆን ግን ዝም ብሎ መቀመጥም ቢሆን አብሮ መቀመጥ ይሆናል። ወንበሩ የእጅ መደገፊያ ይኑረው፣ ለመነሳት እንዳያስቸግር ዝቅ ያለ አይሁን። ቀለሙ ከወለሉ ይለይ፤ ግራጫ ወለል ላይ ያለ ግራጫ ወንበር ለደከመ ዓይን አይታይምና ሰውየው አየር ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ወለሉ የማያብለጨልጭና አንድ ወጥ ቀለም ይሁን። ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ ይመስላል፤ በደፍ ላይ የተደረገ ጥቁር መስመር ቦይ ይመስላል፤ ዥንጉርጉር ሴራሚክ መሬት ላይ የወደቀ ነገር ያለበት ይመስላል። በአዲስ አበባ የሕንጻ ባለቤቶች ዘንድ ሴራሚኩ ካላብለጨለጨ ሥራ የተሠራ የማይመስለው በዝቷል፤ ሆስፒታልም የዚሁ ፋሽን ምርኮኛ ሆኗል። መብራትን በተመለከተ፣ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ዓይን ከወጣቱ በጣም የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃኑ ግን በየቦታው እኩል ይሁን፤ ደማቁ ከጨለማው ሲፈራረቅ ጥላው የሚያስፈራ ነገር ይሆናል። ማታ ማታ መጋረጃው ይጋረድ። ጨለማ ውስጥ ያለ የመስኮት መስተዋት የራስን መልክ መልሶ ያሳያል፤ ራሱን የማያውቅ ሕመምተኛ በመስኮት የሚያየው ሌባ ነው።

ሽንት ቤቱን በሚመለከት የሚታዘዘው ነገር ሁሉ ርካሽ ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ ያሉ የሕሙማን ሽንት ቤት በሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ደማቅ ቀለም ይቀቡ፤ ያ ቀለም ለሌላ በር አይዋል። መቀመጫው ከነጩ ሳህን የሚለይ ቀለም ይኑረው። ምልክቱ ሥዕልም ቃልም ይኑረው፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ላይ ይለጠፍ፤ ቃሉም ሽማግሌው በሕይወቱ ሙሉ ሲጠራው የኖረው ይሁን። ሰማንያ ዓመት «ሽንት ቤት» ሲል የኖረ ሰው በሩ ላይ «የንጽህና ክፍል» ቢባል ምን ሊገባው ነው? ሕመሙ እየጠና ሲሄድ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሸሻል፣ የእናት ቋንቋ ይቀራል። በአማርኛ ሲያወሩ የኖሩ አንድ የወለጋ ሽማግሌ በኦሮምኛ ብቻ መመለስ ሊጀምሩ ይችላሉ። ሥዕሉ የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው። በአንጻሩ ሕሙማን እንዲገቡባቸው የማይፈለጉት፣ እንደ መድኃኒት ክፍልና መጋዘን ያሉት በሮች፣ የግድግዳውን ቀለም ቢቀቡ ዓይን አይስቡም።

ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ይህን ስል ብዙ ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠፋው ቴሌቪዥን በመርሳት ሕመምተኛ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ እንግዳ ነው፤ በዜና የታየው እሳት ክፍሉ ውስጥ የተነሳ ሊመስለው ይችላል። በእሱ ምትክ በተወሰነ ሰዓት ሙዚቃ ይከፈት። ዘፈን ከብዙ ነገር በኋላ ነው ከአእምሮ የሚወጣው፤ የልጁን ስም የረሳ ሰው ከጥላሁን ገሠሠ ወይም ከብዙነሽ በቀለ ጋር አብሮ ሲያዜም ይገኛል። ግድግዳው ላይ የለገሃር ባቡር ጣቢያ ወይም በ2016 ዓ.ም. ብዙው ክፍሉ የፈረሰው ፒያሳ በትልቁ ይሰቀል። በዚህ ከተማ ሰፈሩ ለጤነኛውም እየጠፋበት ስለሆነ ፎቶግራፉ ለጠያቂውም ወሬ ይከፍታል። ጠረጴዛው ላይ እጅ የሚያውቀው ነገር ይኑር፤ ለአንዷ ጥጥና እንዝርት፣ ለሌላዋ አለላ፣ ለአንዱ መቁጠሪያ፣ ለሌላው የቆየ ጋዜጣ።

ትልቅ ሰዓት ይሰቀል፤ የሚቆጥረውም በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ከጎኑ ቀኑ የሚጻፍበት ሰሌዳ ይኑር። «ኅዳር 12» ብቻ ከሚባል «ዛሬ ሚካኤል ነው» ቢጨመርበት ለብዙ ክርስቲያን አረጋዊ ቀኑ ያኔ ነው የሚታወቀው፤ ለሙስሊሙም ጁምዓ መሆኑ ሲነገረው ሳምንቱ ቦታውን ይይዛል። እንዲህ ያለውን ነገር የእንግሊዞቹ መመሪያ ሊነግረን አይችልም፣ እኛው ነን የምንጨምረው።

ከሁሉ በላይ ግን ምግቡ በዚያ ክፍል ይበላ። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው አልጋው ላይ የቀረበለትን ትሪ ዝም ብሎ ሊያየው ይችላል፤ ረሃቡንም፣ መብላት እንዴት እንደሚጀመርም ስቶት ይሆናል። ሌላው ሲጎርስ ሲያይ ግን እጁ ይከተላል። በአንድ ገበታ መብላትና ጉርሻ እኛ ዘንድ ወግ ነው፤ ለዚህ ሕመምተኛ ደግሞ የማስታወሻ ዘዴ ሆኖ ያገለግላል። ቡናም እንዲሁ። ክፍል ውስጥ ከሰል ይቀጣጠል አልልም፣ ኦክሲጅን ባለበት ቤት ያ እብደት ነው። በግቢው ውስጥ ዘወትር በአንድ ሰዓት ቡና ቢፈላና መቀመጥ የሚችሉት ሕሙማን ተደግፈው ቢወጡ ግን ፀሐዩም፣ ሽታውም፣ ሰዓቱም በአንድ ጊዜ ይገኛሉ።

ማስረጃው

ይህ ሁሉ ደግነት ነው ወይስ ሕክምና? በአሜሪካ በየል ኒው ሄቨን ሆስፒታል ዶክተር ሻሮን ኢኖዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕሙማንን ተከታትሏል። ለግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ቀላል ነገሮች ተደረጉላቸው፤ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ በቀን ደጋግሞ ማራመድ፣ መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን መስጠት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ማታ በእንቅልፍ መድኃኒት ፈንታ ትኩስ መጠጥና ጸጥታ። ከእነዚህ 426 ሰዎች መካከል ድንገተኛው መወናበድ የያዛቸው 42 ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 426 ሰዎች ግን 64 ናቸው። አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ግን ያው እንክብካቤ የሕመሙን ክብደት እንዳላቃለለ ጥናቱ ያስረዳል። ወንበሩና ወሬው አስቀድሞ ነው የሚያስፈልገው ማለት ነው።

ስለ መስኮትም አንድ ልጨምር። ሮጀር አልሪክ የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ በፔንሲልቫኒያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጸሩ። መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳይ 23ቱ፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያሳያቸው 23ቱ ቀድመው ወጡ፣ ኃይለኛ ማስታገሻም አነስ ያለ ወሰዱ። እነዚህ የመርሳት ሕመምተኞች አልነበሩም፤ ያም ሆኖ ማረፊያው በየትኛው በኩል ይሁን ተብሎ ሲመከር ለመኪና ማቆሚያ ሳይሆን ለግቢው ዛፍ እንድንፈርድ የሚያደርግ ነው።

አስታማሚ የተባለው ሀብት

እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ዶክተር ጆን ጄራርድ የተባሉ አልዛይመር የነበረባቸው እንግሊዛዊ ለእግራቸው ቁስል ሆስፒታል ገብተው አምስት ሳምንት ተኙ። በዚያ ጊዜ ቤተሰብ እንደ ልቡ አጠገባቸው እንዲቀመጥ አልተፈቀደም። ሲወጡ መራመድም ራሳቸውን መቆጣጠርም አቅቷቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዐረፉ። ልጃቸው ደራሲዋ ኒኪ ጄራርድ ከጓደኛዋ ከጁሊያ ጆንስ ጋር በአባቷ ስም «የጆን ዘመቻ» የተባለ እንቅስቃሴ ጀመረች። የዘመቻው ጥያቄ አንድ ነው፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው አስታማሚ ከሕመምተኛው ጎን የመቆየት መብት ይኑረው። ብዙ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ተቀብለውታል።

እነሱ በዘመቻ ያገኙት ነገር እኛ ዘንድ ሳይጠራ የሚመጣ ነው። ማንም ኢትዮጵያዊ ዘመዱን ብቻውን ሆስፒታል አስተኝቶ አይሄድም። እኛ ግን ይህን ሰው እንዴት ነው የምንቀበለው? በር ላይ ዘበኛ ያመናጭቀዋል፣ ሌሊት ካርቶን አንጥፎ ኮሪደር ላይ ይተኛል፣ ጠዋት ለዶክተሮች ዙረት «አስታማሚ ውጣ!» ይባላል፤ ሕመምተኛውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው ሰው ሐኪሙ ሲመጣ በረንዳ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ጠያቂ መከልከሉ የግድ ነበር እንበል። የመርሳት ሕመምተኛ አስታማሚ ግን ጠያቂ አይደለም፤ መነጽር ለዓይን እንደሆነ ሁሉ እሱም ለሕመምተኛው የማስታወሻው ክፍል ነው። ማረፊያ ክፍል ሲነደፍ የአስታማሚው ወንበርም አብሮ ሊቆጠር ይገባል።

ስለ አዳዲሶቹ የግል ሆስፒታሎች አንድ ነገር ልበል። ባለ አንድ አልጋ ክፍል፣ ባለ ቴሌቪዥን፣ ባለ ማቀዝቀዣ እየተባለ ይተዋወቃል። ለተላላፊ በሽታ መከላከያና ለገመና ጥሩ ነው። አስታማሚ በሌለበት ሰዓት ግን ለመርሳት ሕመምተኛ አራት ግድግዳ ብቻ ነው የሚሆነው። የግል ክፍል የሚሠራ ሰው የጋራ ክፍሉንም መሥራት አለበት።

ሕጉስ?

የሕግ ሰው ነኝና ሳልነካው አላልፍም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 339 በእርጅና ምክንያት የሚሠራውን የማያውቅ ሰው ስለ እብዶች በሚናገረው ክፍል ውስጥ ነው የከተተው። በአንቀጽ 341 ደግሞ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል የተኛ ሰው እዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል። የውል ዋስትናን አስቦ የተጻፈ ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ሆኖም ሕጋችን እነዚህን ሰዎች ሲያስባቸው መጀመሪያ የመጣለት ፊርማቸው እንጂ መቀመጫቸው እንዳልሆነ ያሳያል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንዲሁም ለአረጋውያን እንክብካቤ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንጻ የአካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድና የሚጠቀምበት መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ በዓይነ ሕሊናው ያየው ግን ተሽከርካሪ ወንበርንና ደረጃ መውጣት ያቃተውን እግር ነው። መንገዱ ኖሮለት መንገዱ የጠፋበትን ሰው አላየውም። ይህንን ያየው ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። አንቀጽ 1 የአእምሮንና የማሰብ ችሎታን የረጅም ጊዜ ጉዳት ይጨምራል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሕንጻዎች በቀላሉ የሚነበቡና የሚገቡ ምልክቶች እንዲኖሯቸው ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ በመቃን ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የሽንት ቤት ምልክት ከውበት ጉድለት አልፎ የሕግ ጥያቄ ይነሳበታል። አዲስ ሆስፒታል ሲገነባ ፕላኑን የሚያጸድቀው ባለሥልጣን «መወጣጫው የት አለ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ «ማረፊያ ክፍሉ የት አለ? ከዚያ ሆኖ ሽንት ቤቱ ይታያል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያግደው ሕግ የለም።

አልጋ በሌለበት አገር ለወንበር ቦታ መስጠት ቅንጦት ነው የሚለውን ክርክር አከብረዋለሁ። ነገር ግን በአምስት ቀን መውጣት የሚችል ሽማግሌ ተወናብዶ፣ ወድቆ፣ ምግብ ትቶ ሦስት ሳምንት ሲተኛ አልጋውን የያዘው ማን ነው? ቀለሙ፣ ሰሌዳው፣ ሰዓቱና ዝቅ ብሎ የሚለጠፈው ምልክት የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም። ካርቶኑን ማውጣትም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከባዱ ካርቶኑ ተመልሶ እንዳይገባ ማድረጉ ነው፤ ለዚያ ክፍሉ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሰው ይመደብለት።

ሆስፒታሎቹ እስኪያደርጉት ድረስ ዘመድ ይዞ የሚገባ አንባቢ ራሱ የሚያደርገው ነገር አለ። የሚያውቁትን ጋቢ፣ መነጽራቸውን፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ይዛችሁ ግቡ። በገባችሁበት ቀን ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አብራችሁ ተመላለሱ፤ በሩ ላይ በደማቅ ወረቀት ቃሉን በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ነርሶቹ አይከለክሏችሁም። ከቤት የፕላስቲክ ወንበር አምጡ፣ ሐኪሙ እንደፈቀደም ቀን ቀን ከአልጋው ላይ አንሱና አስቀምጧቸው። በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ ሰውየው በምን ስም መጠራት እንደሚወዱ፣ ምን ሠርተው እንደኖሩ፣ ምን እንደሚያስፈራቸው፣ ምን እንደሚበሉና ሽንት ሲመጣባቸው በምን ምልክት እንደሚያስታውቁ ጽፋችሁ ከራስጌያቸው ስቀሉት። አጎቴ «ጋሼ» ሲባሉ ይመልሳሉ፤ «አባባ» ከተባሉ ግን ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዞር ብለው ያያሉ።